መንግሥቱ ለማ፦ በቅኔ ቤትና በእንግሊዝኛ ተውኔት መካከል

በአማርኛ አስቂኝ ተውኔት ታሪክ ቀዳሚ ስፍራ ያለው መንግሥቱ ለማ በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል፤ አንድም የአየርላንዳዊው ጸሐፌ ተውኔት የጆርጅ በርናርድ ሾው ተከታይ፣ አንድም የአባቶች ጨዋታና ቅኔ ወራሽ ተደርጎ። የሕይወት ጉዞው ሲመረመር ግን ሁለቱ ትምህርቶች አንዱ ሌላውን ሳይተካ አብረው እንደዘለቁ ይታያል።

በ1916 ዓ.ም. የተወለደው መንግሥቱ ልጅነቱን ያሳለፈው በሐረር ነው። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ የታወቁ የቤተ ክህነት ሊቅ ስለነበሩ፣ የቃልን ድርብ ፍች መመርመርን ገና ከቤቱ ለመደ። በአዲስ አበባ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወደ ለንደን አቀና። በዚያ የተመዘገበው በሬጀንት ስትሪት ፖሊቴክኒክና በለንደን የምጣኔ ሀብት ትምህርት ቤት ነበር። ተውኔትን ያወቀው እንግዲህ በመደበኛ የትምህርት ክፍል ሳይሆን በራሱ ንባብና ትጋት ነው። ከሾው ሥራዎች የቀሰመው ዋና ነገርም ማኅበራዊ ክርክርን በሳቅ ማቅረብን ነው።

ወደ አገሩ ተመልሶ በሲቪል አቪዬሽን፣ ቀጥሎም በህንድ በዲፕሎማትነት ሲሠራ ጽሕፈቱን አላቋረጠም። «ጠልፎ በኪሴ» ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶች ወደ ጠለፋ ልማድ ሲመለሱ የሚፈጠረውን ግራ መጋባት ያሳያል። «ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ የተማረ የባላባት ልጅ የአክስቱን ምርጫ ትቶ የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ሲነሳ የሚከተለውን ግጭት ይዟል። በ1959 ዓ.ም. የአባቱን የቃል ትዝታ በመጽሐፍ ማሳተሙም ለንደን ከቅኔ ቤት እንዳልነጠለው ያመለክታል።

የሁለቱ ትምህርቶች ትስስር ጎልቶ የሚታየው «ያላቻ ጋብቻ»ን ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1970 እ.ኤ.አ. በለንደን ሲያሳትም ነው። የተውኔቱ ጉዳይ የማዕረግ ልዩነት ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት በ«አንተ»፣ በ«አንቺ»ና በ«እርስዎ» አማካይነት በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይሸከማል፤ የዛሬው እንግሊዝኛ ግን ለሁሉም አንድ ተውላጠ ስም ብቻ አለው። በመሆኑም በቋንቋው የጎደለው በማዕረግ ስሞች፣ በተዋናይ አቋቋም፣ በድምፅና በአነጋገር ለዛ መካካስ አለበት። የጽሑፉን ቃል ብቻ የሚያጠና ተማሪ ይህን ጉድለት ላያስተውለው ይችላል፤ መድረክን ብቻ የሚያውቅም ምንጩን አያገኘውም።

መንግሥቱ በኋለኛው ዘመኑ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተውኔትን አስተምሯል። ራሱ በመደበኛ ክፍል ያላገኘውን ትምህርት ለተከታዩ ትውልድ በክፍል ውስጥ አቀረበ። የጆን ቦይንተን ፕሪስትሊን ተውኔት «ጠያቂ» በሚል ርእስ ወደ አማርኛ ማዛመዱም የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍን ለአገር ቤት መድረክ ማዋሉን ይመሰክራል። በ1980 ዓ.ም. ያረፈው ይህ ደራሲ የራሱን የሕይወት ታሪክ የሚተርከው «ደማሙ ብዕረኛ» ከሞቱ በኋላ ለኅትመት በቅቷል።

ከዚህ የሚገኘው ድምዳሜ ለዛሬው የዩኒቨርሲቲ ሥርዓተ ትምህርትም ይጠቅማል። ሥነ ጽሑፍና ቴአትር በየክፍላቸው ተለያይተው ሲሰጡ፣ የመንግሥቱን ዓይነት ሥራ በሙላት የሚመዝን ተመራማሪ ማፍራት አዳጋች ይሆናል። ተውኔቶቹን ለመመርመር የቅኔ ቤቱን፣ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍና የመድረኩን ዕውቀት በአንድነት መያዝ ያስፈልጋል።