ቁንጫን አጉልቶ ራሱ የተሰወረው ሮበርት ሁክ

በተማሪዎች መዝናኛ ምሽት ከሚወደዱት ጨዋታዎች አንዱ ይህ ነው፤ የታወቀ ዕቃ እጅግ ከቅርብ ተነሥቶ ፎቶግራፉ ይቀርብና ምን እንደ ሆነ ገምቱ ይባላል። የክብሪት ራስ አለት ይመስላል፤ የጥርስ ብሩሽ ደን ይመስላል። ያላወቀ እንደ ጥንቱ እንቆቅልሻችን አገር ይሰጣል፤ አገር ሰጥቶም ከመሰደብ አይድንም። የዚህን ጨዋታ አባት ስም የምናነሣ ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ፎቶግራፍ ከመፈልሰፉ ከ150 ዓመት በላይ አስቀድሞ የመርፌን ጫፍ አጉልቶ ለዓለም ያሳየውን ሰው ታሪክ ለጓደኞቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ሁክ በ1635 በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት፥ ፍሬሽወተር በተባለ መንደር ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደ። በልጅነቱ ሕመም ስለማይለየው ብዙውን ጊዜ ከቤት ይውል ነበር፤ ይሁን እንጂ እጁ ሥራ አይፈታም። የተፈታታ የናስ ሰዓት አይቶ አምሳያውን ከእንጨት እንደ ሠራ ይነገራል። በ1648 አባቱ ሲሞት ጥቂት ውርስ ይዞ ለንደን ገባ። ለአጭር ጊዜ ከሠዓሊው ከፒተር ሌሊ ዘንድ ቆይቶ ወደ ዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት፥ ከዚያም ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። ገንዘብ ስላልነበረው የተማረው እየዘመረና ሌሎችን እያገለገለ ነው። በዚያም የሀብታሙ ሊቅ የሮበርት ቦይል ረዳት ሆኖ የአየር መሳቢያውን መሣሪያ ሠራለት።

በ1662 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የሙከራዎች ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ሥራው በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ሦስት አራት ሙከራ ማቅረብ ሲሆን፥ በመጀመሪያ ደመወዝ አልተቆረጠለትም ነበር። ከአባላቱ ብዙዎቹ ባለጸጎችና ባለማዕርጎች ነበሩ፤ እሱ ግን በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው።

በ1665 መጀመሪያ ማይክሮግራፊያ የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። በመጽሐፉ በመጀመሪያ የተመረመረው የሩቅ አገር አውሬ ሳይሆን የመርፌ ጫፍ ነው፤ በዓይን ስል የሚመስለው ጫፍ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዱልዱምና ሸካራ ሆኖ ተገኘ። በማተሚያ ቤት የተመታ ነጥብም ክብነቱ ጠፍቶ የቀለም ጭቃ ሆነ። ከዚያ የምላጭ ስለት፥ የሐር ጨርቅ፥ ሻጋታ፥ የሳማ እሾህ፥ ቅማል እያለ ይቀጥላል። የቁንጫዋ ሥዕል ከመጽሐፉ ገጽ ስለሚበልጥ ታጥፎ የገባ ነው። ቡሽን በስሱ ቆርጦ ሲመለከት ትናንሽ ባዶ ክፍሎች አየ፤ ዛሬ በባዮሎጂ ክፍል ሴል የምንለው ስም የመጣው እሱ ለእነዚያ ክፍሎች ካወጣላቸው ስም ነው። ታዋቂው ባለ ማስታወሻ ሳሙኤል ፒፕስ መጽሐፉን ገዝቶ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ሲያነብ አመሸ።

ከሁሉ ይልቅ ለተማሪ የሚጠቅመው የአሠራሩ ዘዴ ነው። ሁክ አንድ ጊዜ አይቶ አይሥልም። የዘይት መብራትና ውሃ የተሞላ የመስታወት ሉል አዘጋጅቶ ብርሃኑን በዕቃው ላይ ያሰበስባል፤ ብርሃኑንም አቅጣጫውንም እየለዋወጠ ደጋግሞ ያያል። ምክንያቱም የዝንብ ዓይን በአንድ ብርሃን ቀዳዳ የሞላበት ወንፊት፥ በሌላው ደግሞ ምስማር የተመታበት ሰሌዳ ይመስላል። ጕድጓዱን ከጉብታው ለይቶ ሳያረጋግጥ እርሳስ አያነሣም።

ሐርን ሲመረምር አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ይኸውም ትሉ የሚያወጣውን የሚመስል ሙጫ ሰው ሠርቶ ክር አድርጎ ቢስበው የሚል ነው። ይህ ከ200 ዓመት በኋላ በፈረንሳይ ተፈጸመ። ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲታቀድ ጨርቃ ጨርቅና ልብስ ስፌት ከዋና ዋናዎቹ ሥራዎች መካከል ተቆጥረዋል፤ በዓለም የልብስ ፋብሪካዎች ከሚሰፋው ጨርቅም ብዙው ሰው ሠራሽ ክር ነው። የዚያ ክር አሳብ የተጻፈው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ መሆኑን ማወቅ ደስ ያሰኛል።

ሁክ ራሱም እንቆቅልሽ ያውቅ ነበር። ሞላ በሳቡት መጠን ይለጠጣል የሚለውን ሕጉን በ1676 ያሳተመው 14 የላቲን ፊደሎችን በተራ ደርድሮ ነው። ማንም አልፈታውም፤ በ1678 ራሱ ፈታው። የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ ይህን ሕግ በስሙ ይማራል። ለንደን በ1666 ስትቃጠል ደግሞ ከከተማዪቱ ቀያሾች አንዱ ሆኖ መሬት ለካ፤ የእሳቱን መታሰቢያ ሐውልት ከክሪስቶፈር ሬን ጋር ነደፈ።

መጨረሻው ግን መራራ ነው። ከይስሐቅ ኒውተን ጋር በ1672 ስለ ብርሃን፥ በ1686 ስለ ስበት ተጣላ። የስበቱን አሳብ ሁክ ለኒውተን በደብዳቤ ገልጾለት ነበር፤ በሒሳብ ያረጋገጠው ግን ኒውተን ነው። ሁለቱንም ለየድርሻቸው ማመስገን ይቻል ነበር፤ አልሆነም። ሁክ በመጋቢት 1703 ታሞ ሞተ፤ በዚያው ዓመት ኒውተን የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። የቁንጫን መልክ ለዓለም ያሳየው ሰው የራሱ መልክ የት እንዳለ አይታወቅም፤ በእርግጥ የሱ ነው የሚባል ሥዕል አልተገኘም። ኒውተን አስጠፋው የሚሉ አሉ፤ ማስረጃ ግን አላቀረቡም።

እኛ ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ለሠሪ እጅ የሚገባውን ክብር ነው። በማይክሮስኮፕ የሁክ ተከታይ የሆነው ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። በፋብሪካ ክር እየቆጠረች የጨርቁን ጉድለት የምታገኘው ሠራተኛም የምትሠራው ሥራ ከነዚህ ሰዎች ሥራ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጨዋታ ሥዕል የምንፈልግ ከሩቅ አንፈልግ፤ የዚፕ ጥርስ፥ የቁልፍ ቀዳዳ፥ የስፌት መኪና መርፌ በቂ ናቸው። መልሱን ከመናገራችን በፊት ግን ብርሃኑን እንለውጥና አንድ ጊዜ ደግመን እንይ።