ከልጃቸው መቃብር ያልራቁት እቴጌ

በፎገራ ሜዳም ሆነ በጣራ ገዳም ዙሪያ፣ ልጅ የሞተበት ቤት ሐዘን ለቀስተኛው ሲበተን አያበቃም። ፍትሐቱ አለ፣ አርባው አለ፣ ሰማንያው አለ፣ ቀጥሎም የዓመቱ ተዝካር። እናት ለሟች ልጇ ዛሬም የምታደርግለት ነገር እንዳለ ታምናለችና እህሉን ትሰፍራለች፣ ጠላውን ትጠምቃለች። ተዝካር ገበሬውን ዕዳ ውስጥ ይከታል የሚለው የእኛ የግብርና ሰዎች ወቀሳ እውነት አለው፤ የእናቲቱን ምክንያት ግን እምብዛም አንጠይቅም። ይህን ምክንያት ከ250 ዓመት በፊት በዙፋን ላይ ሆነው የኖሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የትውልድ አገራቸው ቋራ ነው። ባለቤታቸው አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩና እናት ከልጃቸው ጋር ዘውድ ጭነው አገሩን መሩ። በጣና፣ በደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴን አሳነጹ፤ እዚያ በግድግዳው ላይ ልጇን ከታቀፈችው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለው ይታያሉ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታም ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ተከሉ፤ ከጎኑም ቤተ መንግሥታቸውን ሠሩ። ቁስቋም እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ያረፈችበት የግብፅ ቦታ ስም ነው። ስሙን ሲመርጡ የራሳቸው ልጅ በሕይወት ነበሩ።

አፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳሉ ሞቱ። እቴጌይቱ የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን አንግሠው እንደገና የመንግሥቱን ሸክም ተሸከሙ። ሁለተኛው ሐዘን ከፊተኛው የከፋ ነበር። በ1761 ዓ.ም አፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። ራስ ሚካኤል ደግሞ የምንትዋብ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ባል ነበሩ። አስቴርም ብትሆን የቀድሞ ባሏ የበጌምድሩ ገዥ ማርያም ባርያው በመገደላቸው ደማቸውን የሚመልስላት ፈልጋ ነው ራስ ሚካኤልን ያገባችው። እንግዲህ የእቴጌይቱ የልጅ ልጅ ገዳይ አማቻቸው ነው፤ ልቅሶውን የሚደርሰው ማን፣ የሚለቀስበትስ ማን እንደሆነ መለየት የሚያስቸግርበት ቤት ነበር።

ከዚያ በኋላ ምንትዋብ ከጎንደር አደባባይ ራቁ። ሁኔታው አስገድዷቸው ለጊዜው ወደ ጎጃም ከመሻገራቸው በቀር መኖሪያቸውን ቁስቋም አደረጉ። በ1762 ዓ.ም ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ያገኛቸው በዚሁ ስፍራ ነው። ያኔ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር በቤተ መንግሥቱ የታመሙትን ልጆች እንዲያክም ተጠርቶ ነበር፤ ከልጆቹም የዳነ አለ፣ የሞተ አለ።

እምነታቸው ቂማቸውን አጠፋው ለማለት አልደፍርም፤ ከጎንደር መራቃቸው ሌላ ይናገራል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኒቱ ሞትን የነፍስና የሥጋ መለያየት እንጂ መጥፋት አትለውም፤ ሙታን ይነሣሉ፣ ጸሎትም ይደርስላቸዋል ትላለች። ይህን ለሚያምን ሰው በመቃብር አጠገብ መኖር ከሟቹ ሳይለዩ መቆየት ነው። በቁስቋም በየዕለቱ ቅዳሴ ሲደርስ፣ የሟች ስም ሲጠራ፣ እናት ከቅጥሩ ውስጥ ነበሩ።

በ1765 ዓ.ም አረፉ። ቁስቋም በ1880 ዓ.ም በድርቡሽ ወረራ ተቃጠለ፤ ቤተ መንግሥቱም ፈረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ተሠርቷል፤ ኅዳር 6 ቀን ጽጌ ተፈጽሞ የቁስቋም በዓል ሲከበር ሕዝቡ ኮረብታውን ይሞላዋል። ከወረታ ተነሥቶ በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር የገባ መንገደኛ የእናትን፣ የልጅንና የልጅ ልጅን አፅም በመስታወት በተከደነ አንድ ሣጥን ውስጥ እዚያው ያገኘዋል።