ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ራስ

ከእኛ ከዕጩ መምህራን መካከል በዕረፍት ሰዓት ቼዝ የሚወድ ጥቂት አይደለም። ጨዋታውን ግን ከውጭ የመጣ አድርገን እንቆጥረዋለን። አባቶቻችን እኮ ሰንጠረዥ ብለው ለብዙ ዘመን ተጫውተውታል። ከስመ ጥር ተጫዋቾቹ አንዱ ራስ ወልደ ሥላሴ ነበሩ።

ራስ ወልደ ሥላሴ የእንደርታ ሰው ሲሆኑ በዘመነ መሳፍንት ትግራይን ገዝተዋል። መቀመጫቸው ሕንጣሎና ጨለቆት ነበር፤ የጨለቆት ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። ያኔ በእኛው በጎንደር የተቀመጠው ንጉሥ ስም እንጂ ሥልጣን አልነበረውም፤ መሳፍንቱ እንደ ሰንጠረዥ ንጉሥ ያነሱት፣ ያስቀምጡት ነበር። ጎንደርን በእጃቸው ያደረጉት የየጁው ራስ ጉግሣ የራስ ወልደ ሥላሴ ዋና ባላንጣ ነበሩ።

በዛሬው የቼዝ ውድድር ጥቁሩ፣ ለምሳሌ የሲሲሊ መከላከያን ሲመርጥ፣ የነጩን እርምጃ ጠብቆ ነው። በሰንጠረዥ ግን መክፈቻው ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም። ሁለቱም የባላጋራቸውን እጅ እያዩ በፍጥነት ይሰለፋሉ፣ መከላከያቸውንም ያበጃሉ።

እ.ኤ.አ. በ1805 ሕንጣሎ የደረሰው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የራስ ወልደ ሥላሴን ጨዋታ አይቶ ጽፏል። ጫጫታው ብዙ ነው። የሚበላውን ጠጠር በኃይል መትተው ከቦታው ያስነሱታል። በዙሪያው ያለ ሁሉ፣ ባሮች ሳይቀሩ፣ ጠጠር እያነሱ ይሻላል ያሉትን እርምጃ ያሳያሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ ምክር እያለ ውጤቱ አንድ ነበር፦ መኳንንቱ በብልሃት እየተሸነፉ ራስን ሁልጊዜ ያስበልጧቸዋል።

ራስ ጉግሣ ግን እያወቁ የሚሸነፉ ተጋጣሚ አልነበሩም። ራስ ወልደ ሥላሴ በ1808 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1816) ሲሞቱ ራስ ጉግሣ ከነሥልጣናቸው ነበሩ። ትግራይም የመሳፍንት መሻኮቻ ሆነች፤ በኋላ ደጃዝማች ሰባጋዲስ አሸንፈው ወጡ።

ከዚህ ታሪክ እኛ የምንወስደው አለን። ነገ ክፍል ስንገባ ጠመኔው በእጃችን፣ ማርኩም በእጃችን ነው። ተማሪው ስህተታችንን እያየ፣ ፈርቶ አዎ መምህር ካለን አሸነፍን ማለት አይደለም። ሕንጣሎ ላይ ባሪያው እንኳ ጠጠር አንስቶ ያሳይ ነበር፤ ይህን እንውረስ። እያወቁ መሸነፉን ግን ለመኳንንቱ እንተውላቸው።