ጐተ፤ ባለቅኔውና የአበባው ምሥጢር

ስመ ጥሩው የጀርመን ባለቅኔ ጐተ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1749 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ተወለደ። በቫይማር መስፍን ዘንድ አማካሪ ሆኖ ሲያገለግል ዕፅዋትን ይመረምር ነበረ። ኢጣልያንም ጐብኝቶ ከተመለሰ በኋላ በ1790 ዓ.ም. የአበባ ክፍል ሁሉ መልኩን የለወጠ ቅጠል መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። የቀድሞ አሳታሚው ግን ይህን መጽሐፍ ለማተም እንቢ አለ፤ ባለቅኔ በመሆኑም ብዙዎች ነገሩን ከቁም ነገር አልቈጠሩለትም። እርሱ ግን ምርመራውን ሳይተው በ1832 ዓ.ም. ዐረፈ።

በ1991 ዓ.ም. ሊቃውንት አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ ተክል ላይ ሌሎችን ጂኖች የሚያዝዙ ሦስት ጂኖች ሥራቸውን ቢያጡ የአበባዋ ክፍሎች ቅጠል መስለው እንደሚበቅሉ አሳዩ። ከሦስቱም ሁለቱ ማድስ ከሚባለው የጂን ቤተ ሰብ ናቸው። እንግዲህ የእውነት ምስክር ቢዘገይም አይቀርምና ሹም የሆነ ሁሉ ነገሩን ሳይመረምር ተናጋሪውን አይናቅ።