ሲሜዮን ዴኒ ፑዋሶንና በስሙ የሚጠራው ቊጥር

ሲሜዮን ዴኒ ፑዋሶን በፈረንሳይ አገር ፒቲቪዬ በምትባል ከተማ በ1781 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። አባቱ ቀድሞ ወታደር የነበረ ሰው ሲሆን፥ ልጁ የቀዶ ጥገና ሐኪም እንዲሆንለት አስቦ ወደ ፎንቴንብሎ ሰደደው። ነገር ግን የልጁ እጅ ጥንቃቄ ለሚጠይቅ ሥራ አልታዘዝ ስላለ ሐኪምነቱ ቀረ። ወደ ሂሳብ ዞረና በ1798 የፓሪሱን የኤኮል ፖሊቴክኒክ መግቢያ ፈተና በአንደኛነት አለፈ። ላግራንዥና ላፕላስም ወደዱት። ንድፍ መሳል ግን ምን ጊዜም አልሆነለትም፤ በዚህ የምንቸገር ተማሪዎች ይህን ስንሰማ ሳንጽናና አንቀርም።

አንድ ነገር ተስቦ ሲረዝም ወገቡ ይቀጥናል። ከስፋቱ የቀነሰውን እጅ፥ በርዝመቱ ላይ ለተጨመረው እጅ ስናካፍል የምናገኘው ቊጥር ዛሬ የፑዋሶን ሬሾ ይባላል። ፑዋሶን ቁስ አካል ሁሉ እርስ በርሳቸው በሚሳሳቡና በሚገፋፉ ረቂቅ ቅንጣቶች የተሠራ ነው ብሎ አሰላና፥ ጠባዩ በየአቅጣጫው አንድ ለሆነ ነገር ሁሉ ቊጥሩ ሩብ እንደሚሆን በ1820ዎቹ መጨረሻ አስታወቀ። ሂሳቡ ያማረ ነበር፤ ዓለሙ ግን አልተስማማለትም።

እኔ ራሴ ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቊራጭ አውጥቼ ከ10 ወደ 11 ሳንቲሜትር ብስበው፥ ስፋቱ 19 ሚሊሜትር ያህል ሆነ። እንደ ፑዋሶን ቢሆን 19 ከግማሽ መሆን ነበረበት። የጎማው ቊጥር እንግዲህ ሩብ ሳይሆን ግማሽ አካባቢ ነው።

ስሕተቱን በ1837 በሂሳብ ያሳየው፥ በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም የወፍጮ ቤት ባለቤት የነበረው ጆርጅ ግሪን ነው። እንዲህ ላለ ነገር አንድ ሳይሆን ሁለት የማይገናኙ ቊጥሮች ያስፈልጋሉ። ፑዋሶን በ1840 ሞተ። በ1848 ዌርታይም ነሐስንና ብርጭቆን ለክቶ ወደ ሲሶ የቀረበ ውጤት አገኘ።

ታዲያ ቊጥሩ እንደ ልብ የሚዋልል ነውን? አይደለም። ከግማሽ ቢበልጥ ዕቃው ከየአቅጣጫው ሲጨመቅ የሚያብጥ ይሆናል፤ ከነጌቲቭ 1 ቢያንስ ደግሞ ጥቂት ሲያጣምሙት ራሱ እየተጣመመ ይሄዳል። ሁለቱም ሳይለፉ ሥራ ማግኘት ስለሆኑ አይቻሉም። በነዚህ ወሰኖች መካከል ግን ቦታው ሰፊ ነው። የጠርሙስ ቡሽ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ ሲገፉት ሳይወፍር ወደ አንገቱ ይገባል። በ1987ም አሜሪካዊው ሮደሪክ ሌክስ ሲስቡት የሚወፍር ስፖንጅ ሠርቶ፥ ቊጥሩ ነጌቲቭ 0.7 ያህል ሆኖ ተገኘ።