የግመሏ ታፋና የአረፋው ሙክት

 

ስለ ሰይዲና ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ፍትሕ ከሚንበር ያልሰማ ሙስሊም ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን የምናስታውሳቸው ሌሊት በመዲና ሲዘዋወሩ፣ ለተራቡ ሕፃናት ዱቄት በጀርባቸው ተሸክመው ሲሄዱ ነው። እኔ ዛሬ ላወራ የምፈልገው ስለ ሌላው ዑመር፣ የሹማምንትን ሀብት ይቆጥሩና ይመዘግቡ ስለነበሩት ዑመር ነው። ለዚህ ያነሳሳኝ ልጅ ሳለሁ ከአሰላ ወጣ ብሎ በጭላሎ ተራራ ሥር በገመድ እየጎተትኩ ያደረስኩት አንድ ሙክት ነው።

አባቴ ስንዴና ገብስ አምራች ገበሬ ነው። በየዓመቱ ለአረፋ ከምናርደው ሌላ አንድ በግ ለይቶ ያሰባና በዋዜማው ለአንድ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ይልክ ነበር። አድራሹ እኔ ነበርኩ። ሰውየው ጎረቤታችን ነው፣ ስጦታውም የዒድ ስጦታ ነው፤ ጉቦ ብሎ የጠራው አልነበረም። ከዕለታት አንድ ቀን አባቴ ባሏ ከሞተባት ጎረቤታችን ጋር በማሳ ወሰን ተካሰሰ። ነገሩን አይተው እንዲወስኑ ከተላኩት ሰዎች አንዱ ያ የምክር ቤት አባል ነበር። ወሰኑ ለአባቴ ተፈረደ። አባቴ እውነቱ ከእርሱ ጋር እንደሆነ ያምን ነበር፤ ምናልባትም ነበር። ሴትዮዋ ግን ሙክቱ በደጇ ሲያልፍ በየዓመቱ ታይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዬን የምትመልሰው ፊቷን አዙራ ነበር።

ይህን ጉዳይ በልቤ ይዤ አደግኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሰይዲና ዑመርን ታሪክ ሳነብ የራሴን ሙክት እዚያ አገኘሁት።

ዑመር በመካ ከቁረይሽ ጎሳዎች አንዱ ከሆነው ከበኒ ዐዲይ ተወለዱ። መጀመሪያ የእስልምና ብርቱ ጠላት ነበሩ፤ በእህታቸው በፋጢማ ቤት ቁርኣን ካነበቡ በኋላ ልባቸው ተለውጦ ሰለሙ። ከአቡበክር (ረ.ዐ) ቀጥሎ በ13 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 634) ኸሊፋ ሆኑ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሻም፣ ዒራቅና ግብፅ በሙስሊሞች እጅ ገቡ። ከነዚህ አገሮች የሚመጣው ሀብት መዲና ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ነበር። ፈተናውም የመጣው ከዚህ ነው፤ ትናንት ቴምርና ውሃ ይዘው የታገሉ ሰዎች ዛሬ የሀብታም አገሮች ገዥ ሆነዋልና።

ስለ ስጦታ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በየዓመቱ ለዑመር የግመል ታፋ ያመጣላቸው ነበር። ከጊዜ በኋላ ይኸው ሰው ከሌላ ሰው ጋር ተካስሶ ፊታቸው ቀረበ። ክርክሩን ሲያሰማም ፍርዱ ታፋ ከግመል ተገንጥሎ እንደሚለይ ተለይቶ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ታፋን እየደጋገመ ያነሳ ጀመር። ዑመር ነገሩ ገባቸው። ስጦታው በልባቸው ውስጥ ሊሠራ የፈለገውን ሥራ አዩት። ከዚያ ለሹማምንቶቻቸው ስጦታ እንዳይቀበሉ ጻፉ።

ይህን ከራሳቸው ያመነጩት አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ሰው ሲመለስ የሰበሰበውን ለሁለት ከፍሎ ከፊሉን ለእርሱ የተሰጠ ስጦታ አድርጎ ይዞ ነበር። እርሳቸው ሚንበር ላይ ወጥተው ያ ሰው በአባትና እናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር ወይም እንዳልነበር ሕዝቡን ጠየቁ። ይህ መመዘኛ ዛሬም ይሠራል። የእኛን ሙክት በዚህ ብንመዝነው ያ ጎረቤታችን የምክር ቤት አባል ባይሆን ኖሮ ሙክቱ ደጁን አያውቀውም ነበር።

ዑመር በዚህ አላበቁም። ሰው ሲሾሙ ያለውን ሀብት ያስመዘግቡ ነበር። ከጊዜ በኋላ የተገኘው ከተመዘገበው በልጦ ሲታይ ከየት እንደመጣ ይጠይቃሉ። ሙሐመድ ኢብኑ መስለማ (ረ.ዐ) ወደየአገሩ እየሄዱ የሚያጣሩላቸው ሰው ነበሩ። የግብፁ ገዥ ዐምር ኢብኑል ዓስና በበሕረይን የተሾሙት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ሳይቀሩ ሀብታቸው ተቆጥሮ ከፊሉ ወደ በይቱል ማል ገብቷል። እነዚህ ታላላቅ ሶሓቦች ናቸው፤ ሌቦች ነበሩ ማለት አላህ ይጠብቀን። አቡ ሁረይራ ፈረሶቻቸው እንደተራቡላቸውና ድርሻቸው እንደተጠራቀመላቸው አስረድተዋል። ዑመር ግን ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ንግድ በሹመቱ ጥላ ሥር እንደሚያድግ ያውቁ ነበር። በሐጅ ወቅትም ሹማምንቱን ሰብስበው ሕዝቡ አቤቱታ ካለው በፊታቸው እንዲናገር ያደርጉ ነበር።

የራሳቸው ቤትም ከዚህ አላመለጠም። ልጃቸው ዐብዱላህ የገዛቸው ግመሎች በሕዝብ ግጦሽ ወፍረው ገበያ ሲወጡ አዩና የኸሊፋው ልጅ ግመሎች በመሆናቸው ቅድሚያ አግኝተው እንደሆነ ተረዱ። ሽጦ መነሻ ገንዘቡን እንዲወስድ፣ ትርፉን ለበይቱል ማል እንዲያስገባ አዘዙት። ባለቤታቸው ኡሙ ኩልሡም ለሮም ንጉሥ ሚስት ሽቶ ልከው በአጸፋው የአንገት ሐብል መጣላቸው። ዑመር ሰዎችን ሰብስበው አማከሩ፤ ሰዎቹ ሐብሉ የእርሳቸው ነው አሉ። ዑመር ግን መልእክተኛው የሙስሊሞች መልእክተኛ ስለነበር ሐብሉን ወደ በይቱል ማል አስገቡ፤ ለባለቤታቸው የሽቶውን ዋጋ ከፈሉ።

አንድ ቀንም ከተከፋፈለው ጨርቅ የተሠራ ሙሉ ልብስ ለብሰው ሚንበር ላይ ሲወጡ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ለዚያ እንደማይበቃ የሚያውቅ ሰው ተነስቶ ጠየቃቸው። አልተቆጡም። ልጃቸው ዐብዱላህ ድርሻውን ለአባቱ እንደሰጠ ቆሞ መሰከረ፤ ሰዎቹም ረኩ። ልብ በሉ፤ መልሱ የተሰጠው ጥያቄው በተነሳበት ቦታ፣ በሕዝብ ፊት ነው።

በ23 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 644) በፈጅር ሶላት ላይ ተወግተው ሲሞቱም የመጨረሻ ሥራቸው ሂሳብ ነበር። ልጃቸውን ዕዳቸውን እንዲቆጥር አዘዙት፤ 86 ሺህ ገደማ ሆነ። እንዲከፈልም ያዘዙት ከቤተሰባቸው ገንዘብ፣ ካልበቃ ከጎሳቸው፣ ከዚያም ከቁረይሽ ነበር። ያን ሰፊ ግዛት የመሩት ሰው ባለዕዳ ሆነው፣ ዕዳቸውም በግልጽ ታውቆ ወደ ጌታቸው ሄዱ።

ወደ አርሲ ልመለስ። በእኛ አገር ለሹም ባዶ እጅን አለመቅረብ አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን በጭሰኝነት ዘመን ከምርታቸው ለባለመሬቱ ከከፈሉ በኋላ በበዓል ቀን እጅ መንሻ ይዘው ደጅ ይጠኑ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ እጅ መንሻው ግን ስሙን ቀይሮ ከእኛ ጋር ኖረ። አንዳንዴ የዒድ ስጦታ፣ አንዳንዴ የሠርግ መዋጮ ይባላል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በሚከፋፈልበት፣ ወሰን በሚለይበት ቦታ ሁሉ ይገኛል።

ሕግ የለም አይባልም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም የወጣው የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 ደግሞ ተሿሚዎችና ተመራጮች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያዛል። ይህ ዑመር ከ1,300 ዓመታት በላይ ቀድመው የሠሩበት ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ መዝገብ ለሳጉሬና ለኢተያ ገበሬ ምን ያሳየዋል? እርሱን የሚፈርድበት እዚያው አጠገቡ ያለው የቀበሌና የወረዳ ሰው ነው። የዚያ ሰው መሬት፣ ከብት፣ ንግድና የተቀበለው ስጦታ እዚያው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ ምን ያስፈራል? ንጹሕ የሆነው ምክር ቤተኛ ከሁሉ በፊት የሚጠቀመው እርሱ ነው። ሐሜት የሚበዛው ሂሳብ በተደበቀበት ቦታ ነውና።

እኛ ሰጪዎቹስ? ተቀባዩን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ሙክቱን ጎትቼ የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ። የስጦታው ክፋት ፍርድን ማጣመሙ ብቻ አይደለም፤ ፍርዱ ትክክል ቢሆን እንኳ ማንም እንዳያምነው ማድረጉ ነው። አባቴ በዚያ ወሰን እውነተኛ ይሁን አይሁን እኔ ልጁ እንኳ ዛሬ ማወቅ አልችልም። ሙክቱ በመካከል ገብቷል።

ባለፈው አሰላ ስሄድ የግመሏን ታፋ ታሪክ ለአባቴ ነገርኩት። አሁን አርጅቷል፤ ሴትዮዋም ሞታለች። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ልጆቿ አሁን የት እንደሚኖሩ ጠየቀኝ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም።