ሙሴ ኢልግና የምድር ባቡሩ ውል

በኢትዮጵያ የምህንድስና ታሪክ ስማቸው ሳይነሣ የማይታለፍ የውጭ አገር ሰዎች ጥቂት ናቸው። ከነዚህ አንዱ፣ ምናልባትም ቀዳሚው፣ የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። አገራችን የሚያውቃቸው ሙሴ ኢልግ በሚለው ስም ነው። ለሃያ ሰባት ዓመታት ያህል ከዐፄ ምኒልክ ጎን ሳይለዩ አገልግለዋል። ድልድይ ሠርተዋል፣ ውኃ በቧንቧ አምጥተዋል፣ በመጨረሻም በመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ የውጭ ጉዳይ ሥራ አካሂደዋል። ሆኖም ዛሬም ድረስ ስማቸውን የሚያስነሣው የምድር ባቡሩ ጉዳይ ነው። ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ባቡር በውጭ ገንዘብና በውጭ ኩባንያ ሲሠራ፣ ለአገልግሎቱ በመንግሥትና በሕዝብ ፊት ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው በእኒህ ሰው እጅ በነበረ ውል ምክንያት ነውና። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ የተጠቀሱት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ኢልግ የተወለዱት በ1854 በስዊስ አገር፣ በቱርጋው አውራጃ፣ ፍራውንፌልድ በተባለች ከተማ ነው። በወጣትነታቸው በብረታ ብረት ሥራ ቤት ሙያ ተምረው፣ ቀጥሎም በዙሪክ ከተማ በሚገኘው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት የመካኒክ ምህንድስና አጠኑ። እጃቸው ከመዶሻና ከሞረድ ጋር አስቀድሞ የተዋወቀ መሐንዲስ ነበሩ፤ ይህም በኋላ በአንኮበር ከዲፕሎማቸው የበለጠ ጠቅሟቸዋል።

በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ፣ የአውሮፓን የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው እንዲፈለግላቸው በኤደን ይነግድ በነበረ የስዊስ ንግድ ቤት በኩል ጠይቀው ነበር። ኢልግ ጥሪውን ተቀብለው በ1878 ከሁለት የአገራቸው ልጆች ጋር ተነሡ፤ በ1879 መጀመሪያ ሸዋ ገቡ። ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዟቸው ጫማ እንዲሰፉ፣ ከዚያም ጠመንጃ እንዲሠሩ ነበር ይባላል። ዕድሜው ገና ሃያ አምስት ያልሞላ የፖሊቴክኒክ ምሩቅ ጫማ ስፋ ሲባል ቢከፋው ባልተፈረደበት ነበር። ኢልግ ግን ትእዛዙን ፈጸሙ። የሰውየውን ጠባይ ለማወቅ ለሚፈልግ ይህ አንድ ወሬ ብዙ ይነግረዋል።

ከዚያ በኋላ የተሠሩት ሥራዎች ብዙዎች ናቸው። የአዋሽን ወንዝ በድልድይ አሻግረዋል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ፣ በ1894፣ ከእንጦጦ ግርጌ የሚፈልቀውን ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አደረሱ። ቤተ መንግሥቱ በጉብታ ላይ ስለነበረ ቧንቧው መጀመሪያ ወደ ሸለቆው ወርዶ ከዚያ ሽቅብ ይወጣ ነበርና፣ ውኃ ሽቅብ አይወጣም ብሎ የተጠራጠረው ሰው ጥቂት አልነበረም። የአገሪቱ የፖስታ ቴምብርና የምኒልክ ገንዘብ በፓሪስ እንዲዘጋጁ በተደረገው ጥረትም የኢልግ ድካም አለበት። በሐረር ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ዕቃውን በሸዋ የሚሸጥለትና ደብዳቤ የሚጻጻፈው ከእኒሁ ከኢልግ ጋር ነበር።

አሁን ወደ ባቡሩ እንምጣ። ከባሕር ዳርቻ ሸዋ ለመድረስ የግመልና የበቅሎ ነጋዴ ከአንድ ወር በላይ ይጓዝ ነበር። ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ የሚወጣው፣ ጨርቁና መሣሪያው የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው። ምኒልክ በ1889 ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ኢልግ የምድር ባቡሩን ሐሳብ አጥብቀው ያዙት፤ በ1893 መንገዱን እንዲያጠኑ ተፈቀደላቸው። በማግሥቱ ዓመት፣ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1894)፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለኢልግ የባቡሩን ኮንሴሲዮን ሰጡ።

ይህ ውል በሙያ ዓይን ሊነበብ የሚገባው ሰነድ ነው። ዘመኑ 99 ዓመት ነው። መሥመሩ በሦስት ክፍል ተመደበ፤ አንደኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዐባይ። ዘመኑ ሲፈጸም ሐዲዱና ንብረቱ በሙሉ የኢትዮጵያ መንግሥት ይሆናል። በፋንታው ሌላ ኩባንያ ተወዳዳሪ መሥመር እንዳይሠራ መንግሥት ቃል ገባ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ አንቀጽ ልብ ይሏል፤ ፈቃዱ ወዲያውኑ የሚጸናው ለመጀመሪያው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው የፊተኛው ከተፈጸመ በኋላ ልዩ ልዩ ፈቃድ ይሰጣል ይላል። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን አንቀጽ በችኮላ ያልፉታል። ነገር ግን መንግሥት የባቡር መርማሪ፣ የሒሳብ ተቆጣጣሪ፣ የሥራ ሚኒስቴር በሌለው በዚያ ዘመን፣ ኩባንያውን ለመያዝ ንጉሠ ነገሥቱ የነበራቸው ልጓም ይህ ብቻ ነበር።

ውሉ የጎደለው ነገር በአንቀጾቹ ውስጥ ሳይሆን በሰዎቹ አቋም ላይ ነበር። ኢልግ ኮንሴሲዮኑን ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዮን ሸፍኔ ጋር ሆነው በ1896 ፓሪስ ላይ ለተቋቋመው የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ንጉሠ ነገሥታዊ ኩባንያ አስተላለፉ። በ1897 ደግሞ ዐፄ ምኒልክ የመንግሥት አማካሪነትን ማዕረግ ሰጧቸው። እንግዲህ አንዱ ሰው የውሉ ተቀባይና የኩባንያው መሥራች ሲሆን፣ በሌላ ወገን መንግሥት ስለዚያው ኩባንያ ምክር የሚጠይቀው ባለሥልጣን ሆነ። የሥራ ውል አይቶ የሚያውቅ ባለሙያ ሁሉ እንደሚረዳው፣ አሠሪ፣ ሠሪና ተቆጣጣሪ ሦስት ሰዎች ሊሆኑ ይገባል። በዚህ ላይ ሦስቱም በአንድ ሰው ውስጥ ተገናኙ። ኢልግ በግል ጥቅም ንጉሣቸውን ከዱ ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም፤ ከዐድዋ በኋላ በነበሩት ዓመታት የኢትዮጵያን ጉዳይ በአውሮፓ ፊት በታማኝነት ያስረዱ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ ታማኝነት የቁጥጥርን ቦታ ሊሸፍን አይችልም፤ ኩባንያው በፓሪስ ምን እንደሚያደርግ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚነግራቸው ሌላ ዐዋቂ አልነበረምና።

ሥራው በ1897 መጨረሻ ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ነበር። አገሩ ውኃ የሌለበት፣ ድንጋያማና ሐሩር ነው፤ ገና ከባሕሩ ጥቂት እንደራቁ ጥልቅ ሸለቆዎችን በብረት ድልድይ መሻገር ግድ ሆነ። መሥመሩ ያለፈው በዒሳና በአፋር ግጦሽ በኩል ነውና፣ በሠራተኞቹ ላይ በየጊዜው አደጋ ይጣል ነበር። ወጪው ከታሰበው በላይ ወጣ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተራራ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ከአቅም በላይ መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ መሥመሩ ከሐረር ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከተራራው ግርጌ እንዲያበቃ ተወሰነ። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ የደረሰበት ያ ባዶ ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ከጅቡቲ ያለው ርቀት ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። አንዲት ትልቅ ከተማ በመሐንዲስ የቁልቁለት ስሌት ምክንያት እንደ ተወለደች ልብ ማለት ይገባል።

ነገር ግን ሐዲዱ ድሬዳዋ ሳይደርስ ጉዳዩ ከመሐንዲሶች እጅ ወጥቶ ነበር። ኩባንያው ገንዘብ ስላጠረው የእንግሊዝ ባለገንዘቦች አክሲዮኑን መግዛት ጀመሩ። ይህ በፈረንሳይ ታላቅ ድንጋጤ አስነሣ። የፈረንሳይ መንግሥትም በፌብሩዋሪ 1902 ከኩባንያው ጋር ስምምነት አድርጎ፣ ለሃምሳ ዓመታት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊረዳው ቃል ገባ፤ ሲደመር 25 ሚሊዮን ፍራንክ መሆኑ ነው። በለውጡ በኩባንያው ሥራ ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ኮንሴሲዮኑን የሰጡት ዐፄ ምኒልክ በዚህ ስምምነት ውስጥ ተዋዋይ አልነበሩም። በመሬታቸው ላይ የሚሄድ ባቡር ተጠሪነቱ ለእርሳቸው መሆኑ ቀርቶ ለፓሪስ ሆነ ማለት ነው። ከገንዘብ እርዳታ ጋር ተጠያቂነትም አብሮ እንደሚሄድ፣ በዘመናችን የብድርና የእርዳታ ውል የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ሁሉ ያውቁታል፤ ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ግን ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ የመለሱት በዚያች አንዲት አንቀጽ ነው። ሁለተኛውን ክፍል አልፈቅድም አሉ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆመ። ዕቃው ከዚያ ወዲያ እስከ አዲስ አበባ ድረስ እንደ ቀድሞው በግመልና በበቅሎ ተጫነ፤ ኩባንያውም ያሰበውን የመካከለኛውን አገር ንግድ ሳያገኝ ቀረ፤ ዕዳው ገቢውን በለጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ልጓሙን በመያዛቸው መብታቸውን አስከብረዋል። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም፤ ነጋዴውና ገበሬው ባቡሩን ለብዙ ዓመታት እንዲጠብቁ ሆነዋል። አገልግሎትን በማስቆም ብቻ የሚገለጽ ቁጥጥር ሁልጊዜ እንዲህ ሁለት ስለት ያለው ነው። ልጓሙን ጠበቅ ላላ እያደረገ ኩባንያውን በየዓመቱ የሚመረምር መሥሪያ ቤት ቢኖር ኖሮ፣ ነገሩ እስከዚህ ባልደረሰም ነበር።

የኢልግ መከራ የጀመረውም ያን ጊዜ ነው። ፈረንሳዮቹ መሥመሩን ለማራዘም በምኒልክ ዘንድ እንዲከራከሩላቸው ይጠብቁ ነበር፤ ምኒልክ ደግሞ በእርሳቸው ስም የተሰጠ ውል እንዴት በባዕድ መንግሥት እጅ እንደ ገባ እንዲያስረዱ ይሹ ነበር። ሁለቱንም ማስደሰት አልቻሉም። እንግሊዝና ኢጣሊያም በበኩላቸው ባቡሩ በአንድ መንግሥት ሥር እንዳይቀር ይገፉ ጀመር። በ1905 ዐፄ ምኒልክ የመንግሥታቱን ወኪሎች ሰብስበው በባቡሩ ጉዳይ እንዲስማሙ፣ ካልሆነ ግን ሥራውን በራሳቸው እንደሚቀጥሉ አስታወቁ። መንግሥታቱ በእርግጥም ተስማሙ፤ የተስማሙት ግን ኢትዮጵያን ሳያስገቡ ነበር። በዲሴምበር 13 ቀን 1906 በለንደን የተፈረመው የሦስቱ መንግሥታት ውል፣ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መሥመር ለፈረንሳይ ተወው። በኩባንያው አስተዳደር ጉባኤ ላይም አንድ የእንግሊዝ፣ አንድ የኢጣሊያና አንድ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ወኪል እንዲቀመጡ ወሰነ። የባቡሩ ባለአገር ከጎረቤት ቅኝ ገዥዎች እኩል አንድ ወንበር ተሰጠው።

ሙሴ ኢልግ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ዙሪክ ተመልሰው በ1907 አገልግሎታቸውን በይፋ ለቀቁ። ኩባንያቸው በዚያው ዓመት በፍርድ ሂሳቡ ተጣርቶ ፈረሰ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በጥቅምት 1900 ዓ.ም.፣ ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን የኢትዮጵያ ሚኒስትሮች ሾሙ። የባቡሩን ውል በሥራ ቤት ደረጃ ሊከታተል የሚችል የመንግሥት አካል የተፈጠረው እንግዲህ የውሉ ባለቤት ከሄዱና ኩባንያው ከወደቀ በኋላ ነው። በጃንዋሪ 1908 አዲስ ኮንሴሲዮን ተሰጠ። ተቀባዩ መሐንዲስ ሳይሆን የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ቪታሊየን ሲሆኑ፣ ከዚያ የተነሣው የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ቀጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት በዚህ ኩባንያ ውስጥ ከፈረንሳይ ጋር እኩል ባለድርሻ ለመሆን የበቃው ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ፣ በ1959 በተፈረመ ስምምነት ነው።

ኢልግ በዙሪክ የቀሩትን ዓመታት በጸጥታ አሳለፉ። ከኢትዮጵያ የሰበሰቧቸው የእጅ ሥራ ዕቃዎች በዚያችው ከተማ በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ተቀምጠዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1913 ዐረፉ፤ ሙሴ ኢልግም በጃንዋሪ 7 ቀን 1916 በስድሳ አንድ ዓመታቸው ሞቱ። በዚያን ጊዜ ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ ወደ አቃቂ ተጠግቶ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው መሥመር 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የገባው በ1917፣ ውሉ ከተጻፈ በሃያ ሦስት ዓመቱ ነው።